ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ለዓሣ አይሆንም፦ የአዲስ አኳሪየም የመጀመሪያ ሳምንታት

[በምስል፦ አዲስ የተሞላ የመስታወት ገንዳ፤ ውሃው የጠራ፤ ሁለት ጎልድፊሾች ይዋኛሉ]

በቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አኳሪየም ያስቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ገንዳው ተገዝቶ ይመጣል፣ በቧንቧ ውሃ ይሞላል፣ ጠጠሩና ማጣሪያው ይገባሉ፣ ዓሦቹም በዚያው ቀን ይለቀቃሉ። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ግን ዓሦቹ መብላት ያቆማሉ፣ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ ከዚያም አንድ በአንድ ይሞታሉ። ባለቤቱ ዓሦቹ ሲገዙ ታመው እንደነበር ይጠረጥራል እንጂ ውሃውን አይጠረጥርም፤ ውሃው ጥርት ያለ ነውና። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ለዚህ ጉዳይ በትክክል ይሠራል፤ ምክንያቱም በአዲስ ገንዳ ውስጥ ዓሣን የሚገድሉት ነገሮች በዓይን አይታዩም፣ በአፍንጫም አይለዩም።

የመጀመሪያው ገዳይ አሞኒያ ነው። ዓሣ በምግቡ ያገኘውን ፕሮቲን ሲጠቀም የሚፈጠረውን አሞኒያ በአብዛኛው በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) በኩል ወደ ውሃው ያስወጣል፤ ሳይበላ ወደ ጠጠሩ የወረደው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በሐይቅ ውስጥ ይህ ሁሉ በብዙ ውሃ ተበትኖ ምንም አይመስልም። 60 ሊትር በምትይዝ ገንዳ ውስጥ ግን የሚሄድበት ስለሌለ በየቀኑ ይጠራቀማል።

[በምስል፦ የማጣሪያ ስፖንጅ በቅርበት]

ይህን አሞኒያ የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1890 ከአፈር ለይቶ ባወጣቸው ዓይነት ባክቴሪያዎች አማካይነት አሞኒያ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱም ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትራይትም እንደ አሞኒያ መርዝ ነው፤ ወደ ደም ገብቶ ሄሞግሎቢንን ኦክስጅን መሸከም የማይችል ስለሚያደርገው፣ ዓሣው በአየር በተሞላ ውሃ ውስጥም ሆኖ ይታፈናል፣ ደሙም ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ናይትሬት ግን በመጠኑ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፤ በየጊዜው ውሃ በመቀየር ይወገዳል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ሳይሆኑ በስፖንጁ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ናቸው፤ ሲባዙም እጅግ ዝግተኛ ናቸው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በግማሽ ሰዓት እጥፍ ሲሆኑ፣ እነዚህ ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ አዲስ ገንዳ የተፈጥሮ ማጽጃውን ለማቋቋም ውሃው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድበታል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርድ ሌሊት በሚበዛበት ከተማ፣ ያለ ማሞቂያ በተቀመጠ ገንዳ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ይህንን ጊዜ በገንዘብም ሆነ በትጋት ማሳጠር የሚቻለው በጥቂቱ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ማሳጠሪያ ለወራት ጤናማ ዓሣ ከኖረበት ገንዳ የተወሰደ ስፖንጅ ወይም የተወሰነ ጠጠር ነው፤ ዓሣ የሚሸጥልዎትን ሰው ቢጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ አይከለክልዎትም። ስፖንጁ እንዳይደርቅ በራሱ ገንዳ ውሃ ውስጥ ሆኖ በዚያው ቀን ወደ አዲሱ ማጣሪያ መግባት አለበት። በዚያ ገንዳ ውስጥ የታመመ ዓሣ ካለ ግን ይተዉት፤ ከባክቴሪያው ጋር በሽታውም ይመጣል።

[በምስል፦ የመመርመሪያ ጠርሙሶችና የቀለም ሰንጠረዥ]

ዓሣ ከማስገባትዎ በፊት ገንዳውን ማዘጋጀት የሚቻለው ማጣሪያውን ሌት ተቀን እያሠሩ፣ በየቀኑ ቆንጠር ያለች የዓሣ ምግብ በባዶው ገንዳ ውስጥ በመጣል ነው። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፣ አሞኒያውም ባክቴሪያውን ይመግባል። በመመርመሪያ ኪት በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ሲለኩ በመጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፤ ቀጥሎ እሱ እየወረደ ናይትራይቱ ይወጣል፤ በመጨረሻም ምግብ መጣል ሳያቋርጡ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ይታያል። ዓሣ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የመመርመሪያ ኪት ዋጋ ለጀማሪ ከበድ ሊል ይችላል፤ ሆኖም ከጌጣ ጌጡና ከቀለም መብራቱ በፊት መገዛት ያለበት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአሞኒያውን ውጤት ሲያነቡ ፒኤቹንም፣ ማለትም ውሃው ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይን እንደሆነ የሚያሳየውን ልኬት፣ አብረው መመልከት ያስፈልጋል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ አሞኒየም ሲሆን ጉዳቱ አነስተኛ ነው፣ ሌላው ነጻው አሞኒያ ሲሆን በስንጥብ በኩል ሰርጎ የሚገድለው እሱ ነው። ኪቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የሁለቱን ድምር ነው። በሊትር 1 ሚሊግራም ድምር ቢገኝ፣ ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 7 ከሆነ ነጻው አሞኒያ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ 5 እጅ ያህል ይሆናል፤ 9 ሲደርስ ደግሞ ከሲሶ ይበልጣል። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ባይካርቦኔት የበዛበትና ፒኤቹም ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በዚያ አካባቢ ገንዳ የሚያቋቁም ሰው ሌላው ችላ የሚለውን ትንሽ አሞኒያ ችላ ማለት አይችልም።

[በምስል፦ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ በግቢ ውስጥ የቆመ ሮቶ]

የቧንቧ ውሃ ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪኑ ግን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ባክቴሪያውንም ይገድላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ውሃውን አፉ በተከፈተ ባልዲ 24 ሰዓት ማቆየት ወይም የአየር ፓምፕ አስገብቶ ማናፈስ ክሎሪኑን ያበንነዋል። በሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃ ክሎሪኑ በጣም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከታች ያለውን ደለል ሳይረብሹ መቅዳት ያስፈልጋል። በረኪና ወይም ውሃ አጋር የተጨመረበት የመጠጥ ውሃ ለገንዳ አይሆንም። በዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖሩ ተመልካቾች ግን ማቆየቱ ብቻ አይበቃም፤ የከተማው ውሃ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ የሚታከመው በቀላሉ በማይበንን ክሎራሚን ስለሆነ፣ ክሎራሚንን እንደሚያስወግድ በላዩ የተጻፈበትን ማከሚያ መጠቀም የግድ ነው።

ለደጋ ነዋሪ የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ በዚህም ምክንያት በእኩል ሙቀት ላይ ያለ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። 25 ዲግሪ ውሃ በጠረፍ በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ሲይዝ በአዲስ አበባ ከ6 ብዙም አይበልጥም። ኦክስጅኑን የሚፈልጉት ደግሞ ዓሦቹ ብቻ አይደሉም፤ ባክቴሪያዎቹም አሞኒያን የሚለውጡት በኦክስጅን ነው። ስለዚህ በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ «ይህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይችላል» የሚለውን ስሌት እንዳለ መቀበል አይመከርም፤ የዓሣውን ቁጥር መቀነስና የአየር ፓምፑን ማስቀጠል የተሻለ ነው። ጎልድፊሽ በክብ ብርጭቆ አብሮ የሚሸጥበት ልማድም ሊቀር ይገባዋል፤ ጎልድፊሽ ብዙ የሚበላና ብዙ አሞኒያ የሚያስወጣ ዓሣ ነው፣ ክቧም ብርጭቆ ማጣሪያ አትይዝም።

መብራት ሲጠፋ ኦክስጅኑ ይበልጥ ይቀንሳል። ምግብ አይስጡ፤ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍሱ። ማጣሪያዎ ዝግ ዓይነት ከሆነና ለሰዓታት ቆሞ ከነበረ፣ በውስጡ የቀረው ውሃ ኦክስጅን አልቆበት ስለሚበላሽ መብራት ሲመጣ ወደ ገንዳው ከመመለሱ በፊት ይድፉት።

[በምስል፦ ነጭ ደመና የመሰለ ውሃ]

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃው ወተት የነካው መስሎ ሊደፈርስ ይችላል። ይህ በተበላሸ ምግብ ላይ በፍጥነት የሚባዙ ሌሎች ባክቴሪያዎች መብዛት ነው፤ ምግብ ከቀነሱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይጠራል። አብዛኛው ጀማሪ ግን ይደነግጣል፤ ገንዳውን ገልብጦ ጠጠሩን በኦሞ ያጥባል፣ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እስኪነጣ ይጨምቃል፣ በዚህም ለሳምንታት የተቋቋመውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት አጥፍቶ ከዜሮ ይጀምራል። በእኔ ግምት አዲስ ገንዳን ከቸልታ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ከልክ ያለፈ ጽዳት ነው። ስፖንጅ የሚታጠበው ውሃ ማለፍ ሲያቅተው ብቻ፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ተደርጎ ነው፤ ሳሙና ከቶ አይነካውም።

ዓሦቹ አስቀድመው ገብተው ከሆነ ሌላ ምርጫ የለም፤ በየቀኑ መለካት ነው። አሞኒያው ወይም ናይትራይቱ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም ሲደርስ የውሃውን ግማሽ፣ ክሎሪኑ በወጣለትና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ይቀይሩ፤ ግማሽ መቀየር መርዙን በግማሽ ይቀንሰዋል፣ ባክቴሪያውን ግን በስፖንጁ ላይ ስለሆነ አይነካውም። ናይትራይት ከታየ ለ60 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ይረዳል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል። ምግብም በሁለት ቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ ይሁን።

ገንዳው ከተቋቋመ በኋላ ዓሣ የሚጨመረው ሁለት ሦስት እየሆነ፣ በመካከሉ ሳምንት ያህል እየተጠበቀና እየተለካ ነው፤ ባክቴሪያው የሚበዛው ባለው አሞኒያ ልክ ነውና። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ መቀየር ናይትሬቱን በልክ ያቆየዋል። በበጋ ወራት በትነት የጎደለውን መሙላት ግን እንደ ቅያሪ አይቆጠርም፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ስለሆነ ናይትሬቱና ጨዋማ ነገሩ ሁሉ በገንዳው ይቀራል፣ እየተሞላ ብቻ የሚኖር ገንዳም ውሃው ከወር ወር ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል።