ገብሱን አፍኜ ገደልኩት

እሷ፦ እንደምን አላችሁ። ከደብረ ብርሃን ነን፤ ብርዱን መንገር እንኳ አያስፈልግም። አንተ ግን ከገባህ ጀምሮ እጅህን የምታሸተው ምን ሆነህ ነው?

እሱ፦ አልለቅ አለኝ እኮ። ብቅል ነው።

እሷ፦ ብቅል እንዲህ ይሸታል?

እሱ፦ የተበላሸ ብቅል። ለበዓል ጠላ ልጥመቅ ብዬ 10 ኪሎ ገብስ ገዛሁ። ነከርኩት፣ አጠነፈፍኩት። ከዚያ ኮባ ከየት ላምጣ? ማዳበሪያ ውስጥ ጠቀጠቅኩት፣ አፉን ጥፍር አድርጌ አሰርኩት፣ ብርድ ልብስ ደረብኩበት።

እሷ፦ ብርድ ልብስ! ለገብስ!

እሱ፦ ብርድ ልብስማ የከተማችን ምርት ነው፤ ምን ይገርማል? በሦስተኛው ቀን እጄን ብሰድ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር በይው። ዳር ዳሩ ነጭ ሥር አውጥቷል። መሃሉ ዝልግልግ ብሏል። ሽታውን ተይው። እማዬ ጋ ደወልኩ። ምን አለችኝ መሰለሽ? «አፍነህ ገደልከው።»

እሷ፦ ልክ ናቸው። ቃል በቃል ልክ ናቸው።

እሱ፦ እኔ የመሰለኝ እንዲያው የአነጋገር ነገር ነው።

እሷ፦ አይደለም። ቆይ እስቲ፣ ያ ሙቀት ከየት የመጣ ይመስልሃል?

እሱ፦ ከብርድ ልብሱ ነዋ።

እሷ፦ ብርድ ልብስ እኮ የራሱ ሙቀት የለውም። ዛሬ ማታ ድንጋይ ሸፍንበት፤ ጠዋት ድንጋዩ ያው ቀዝቃዛ ነው። አንተን ሲሸፍንህ የምትሞቀው ያንተኑ ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይልህ ነው። የገብሱም እንደዚያ ነው። ሙቀቱ የራሱ የገብሱ ነበር።

እሱ፦ ገብስ ከየት ያመጣዋል?

እሷ፦ አንተ ከምታመጣበት። ከምግብ። ፍሬው ውስጥ ስታርች አለ፤ ለቡቃያው የተቋጠረ ስንቅ በለው። ውሃ ሲያገኝ ፍሬው ውስጥ ካለው ሽል፣ ቡቃያ ከሚሆነው ክፍል፣ ጊበረሊን የሚባል ሆርሞን ይወጣል። ሆርሞኑ ስንቁን የከበበውን ስስ ሽፋን ይቀሰቅሰዋል። ሽፋኑ ደግሞ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርትና ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆራርጠዋል። ብቅል ስትቀምስ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። አሚሌዝ ምራቅህም ውስጥ አለ። ዳቦ አፍህ ውስጥ አቆይተህ አኝከው፤ ጣፈጥ ይልሃል።

እሱ፦ እሺ፣ ስኳር ሆነ። ሙቀቱስ?

እሷ፦ ገብሱ ስኳሩን በኦክስጅን ቀስ እያለ ያቃጥለዋል። ነበልባል የለውም፣ ጭስ የለውም። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይወጣል፣ ጉልበት ይገኛል። ከጉልበቱ ገሚሱ ሥርና ቡቃያ ለማውጣት ይሄዳል። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። መተንፈስ ማለት ይሄው ነው፤ ሳንባ ኖረም አልኖረም።

እሱ፦ ተክል የሚተነፍሰው ማታ ማታ አይደል እንዴ? ቀን ኦክስጅን፣ ማታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብለን ነው የሸመደድነው።

እሷ፦ ሁላችንም ሸምድደነዋል፤ ያናድደኛል። ተክል 24 ሰዓት ይተነፍሳል። ቀን ላይ ግን በብርሃን ምግብ ይሠራል፤ እዚያ ላይ የሚያወጣው ኦክስጅን ለራሱ ከሚፈጀው ስለሚበልጥ መተንፈሱ አይታየንም። ያንተ ገብስ ደግሞ ቅጠል የለው፣ ብርሃን የለው። ከስንቁ ብቻ እየበላ ነበር። አንተ ማዳበሪያውን ጥፍር አድርገህ ስታስረው አየር አለቀበት። ኦክስጅን ያጣ ዘር ስኳሩን ወደ አልኮል ማዞር ይጀምራል።

እሱ፦ ጌሾም ጥንስስም ሳይገባ?

እሷ፦ ምንም ሳይገባ። ግን ብዙ አይዘልቅበትም፤ ይሞታል። ከዚያ ባክቴሪያው ይረከበዋል። ዝልግልጉ የእነሱ ሥራ ነው።

እሱ፦ ለካ ብቅል በኮባና በጉሎ ቅጠል የሚሸፈነው ለዚህ ነው።

እሷ፦ አዎ። ርጥበቱን ይይዛል፣ በመሃል በመሃሉ ግን አየር ያሳልፋል። ልጅ ያላችሁ አድማጮች ይችን ሞክሯት። ሁለት ፔርሙዝ ውሰዱ። አንዱ ውስጥ የተነከረና ማቆጥቆጥ የጀመረ ገብስ፣ ሌላው ውስጥ ንፍሮ አድርጋችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ገብስ ጨምሩ። ክዳኑን ሳይሆን ጥጥ ወትፉበት፤ አየር ይግባው። በማግስቱ በቴርሞሜትር ለኩ። ሕያው ያለበት ሞቆ ታገኙታላችሁ።

እሱ፦ ንፍሮውስ ጭራሽ አይሞቅም?

እሷ፦ ጎበዝ። ከቆየ እሱም ይሞቃል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ይሰፍሩበታላ። እነሱም ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ገብስ መጀመሪያ በቀጠነ በረኪና እጠቡት፣ ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁት።

እሱ፦ ጎተራ ውስጥ ርጥብ እህል የሚግለውም በዚሁ ነዋ።

እሷ፦ በዚሁ። እህሉም፣ ሻጋታውም፣ ነቀዙም እየተነፈሱ ነው። እህል በጉድጓድ የምታስቀምጡ ደግሞ አደራ። ታሽጎ የከረመ ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅኑ ተሟጦ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ነቀዙን የሚገድለው አየር ሰውንም ይገድላል። ከፍታችሁ በደንብ ሳይናፈስ ማንም አይውረድ። አንዱ ወድቆ ሌላው ላውጣው ብሎ ሲወርድ ነው ሁለት ሰው የሚሞተው።

እሱ፦ ወደ ቀዝቃዛው ነገር እንመለስ። ዛሬ ጠዋት የጎረቤታችን በጎች ውርጭ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። እኔ በጃኬት እንቀጠቀጣለሁ።

እሷ፦ ሱፋቸው አንድ ነገር ነው፤ የመንዝ በግ ደግሞ ለዚህ ብርድ የተፈጠረ ነው። ግን ሆዳቸው ውስጥ የምድጃ ያህል ነገር አለ። ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ሣሩን ያለ ኦክስጅን ያብላሉታል። ጋዙ በግሳት ይወጣል፤ በጓ ደግሞ ከብላቱ በሚወጡት አሲዶች ትኖራለች። ያም ሥራ ሙቀት አለው። የበግ ሰውነት 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ካንተ በሁለት ይበልጣል።

እሱ፦ እኔስ ስንት እሰጣለሁ?

እሷ፦ ዝም ብለህ ተቀምጠህ ወደ 100 ዋት። የድሮውን ቢጫ አምፖል አስበው።

እሱ፦ ታዲያ አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ሰው ሲቀመጥ...

እሷ፦ አንድ ኪሎ ዋት። ማኅበር ቤት የሚሞቀው በጠላው ብቻ አይደለም። ስትንቀጠቀጥ ደግሞ ጡንቻህ ሆን ብሎ ስኳር እያቃጠለልህ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚሉትም ወደው አይደለም። ውርጭ ሲመጣ እሳቱ ማገዶ ይፈልጋል።

እሱ፦ የእኔ ማገዶ 10 ኪሎ ገብስ ነበር፤ ለከብት እንኳ አልሆነ።

እሷ፦ አሁንስ ተስፋ ቆረጥክ?

እሱ፦ ኧረ! 5 ኪሎ ነክሬያለሁ። እማዬ በስልክ እያዘዘችኝ ነው። ሳሳ አድርገህ ዘርጋው፣ ቅጠል አልብሰው፣ ውሃ አርከፍክፍበት፣ ጠዋትና ማታ በእጅህ አገላብጠው። ይኸው፣ ስልኬ ጮኸ።

እሷ፦ እሳቸው ናቸው?

እሱ፦ አይ፣ ማንቂያው ነው። ማገላበጫዬ ደርሷል፤ ቤት ልሩጥ። አንቺ ተሰናበቺልኝ።