ከመጥፋቱ በፊት ይስላል

ሰላም ናችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። ከጀርባ የሚጮኸው የጎረቤት ግራይንደር ነው። እሱም ሥራ ላይ ነው፣ ታገሱት።

የማወራችሁ ስለ አንድ ኮምፕረሰር ነው። መኪና ጀርባ ታስሮ የሚጎተት፣ ካባ ላይ ጃክ ሀመር የሚያሠራ፣ የናፍጣ ሞተር ያለው። ይህን ታሪክ ለሰው አውርቼው አላውቅም። ትንሽ ያሳፍረኛል።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ካለ ድንጋይ ካባ ነው ስልክ የተደወለልኝ። ፎርማኑ ነው። «ይነሳል፣ ግማሽ ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ የዘይት መብራት ያበራና ድርግም ይላል። ሠራተኛ ቁጭ ብሎብኛል፣ ድረስልኝ» አለኝ። የዘይት መብራት የሚለውን ስሰማ ሐሳቤ እዚያው ቆመ። ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ አዲስ የዘይት ግፊት ስዊች ጭኜ በማግስቱ ሌሊት ወጣሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሸኖ ላይ ቅቤ ገዛሁ፤ በዚያ መንገድ ሄጄ ቅቤ ሳልይዝ ብመለስ ቤት አልገባም።

ስደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማሽኑ አጠገብ ጋቢ የተከናነበ ልጅ ቆሟል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ናፍጣ የሚሞላው፣ የሚያስነሳው፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የሚውለው እሱ ነው። «ጋሼ፣ ከመጥፋቱ በፊት ይስላል» አለኝ። «ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነው የሚብስበት። ከሰዓት ይሻለዋል።»

እኔ ምን አልኩ? «እሺ፣ ቁልፉን አቀብለኝ።»

ጠዋት ከባሰበት ብርዱ ነው ብዬ ነዋ። ሳሉን ደግሞ ጭራሽ አልሰማሁትም። መብራት በርቶልኝ ልጅ ምን ያደርግልኛል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፣ መካኒክ ላልሆናችሁት። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ፣ ያ ብልጭታ የሚሰጠው ነገር፣ የለውም። አየሩን አምቆ አምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ይነዳል። ስለዚህ ቁልፍ ስታጠፉ የምትቆርጡት ብልጭታ አይደለም፣ ናፍጣውን ነው። ብዙዎቹ ላይ ናፍጣውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሶሌኖይድ አለ። ዘይት ግፊት ሲያጣ ወይም ውሃው ሲግል ስዊቾቹ ለመቆጣጠሪያው ይነግሩታል፣ መቆጣጠሪያው የሶሌኖይዱን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል፣ ሞተሩ ይቆማል። ሞተር ሲነሳ ዘይቱ ገና ስላልደረሰ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰከንድ ገደማ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ግን ይቅርታ አያውቅም።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። መቆጣጠሪያው የሚያጠፋው ሞተር እየሠራ፣ ድምፁ ሳይቀየር፣ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ይላል። ናፍጣ ያጣ ሞተር ግን እንደዚያ አይሞትም። ዙሩ ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይስላል። ይህን አውቃለሁ። ለስንት ረዳት አስተምሬዋለሁ። ያን ቀን ጠዋት ግን አላወቅሁትም።

ዘይቱን ቀየርኩ። ፊልትሮውን ቀየርኩ። ስዊቹን ቀየርኩ። የስዊቹ ሽቦ የሆነ ቦታ ተልጦ ማሳ፣ ማለትም የማሽኑን ብረት፣ እየነካ እንደሆነ ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ሄድኩበት። ደህና ነው። አስነሳነው። ጃክ ሀመሮቹ ጀመሩ። እኔም ሻይ ጀመርኩ። ሻዩን ሳልጨርስ ጠፋ። የዘይት መብራት።

ፎርማኑ መጣ። «ወንድሜ፣ ለምን ዳይሬክት አታደርገውም? ስዊቹን ንቀልና ይሥራ።»

እዚህ ጋ ላቁም። ዳይሬክት ማድረግ ስለሚባለው ነገር አንድ ያለኝን ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ለሠርግ ድንኳን የሚከራይ ጄኔሬተር ጠራኝ። በሙቀት እየጠፋ አስቸገረ። ሙሽሮች ሊገቡ ነው፣ ባለቤቱ ላብ አጥምቆታል። የሙቀት ስዊቹን ሽቦ ነቀልኩለት። በቃ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። አመሰገነኝ፣ ጉርሻም ሰጠኝ። ሽቦውን ግን ማንም መልሶ አልሰካውም፤ እኔም ጭምር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩ ነክሶ ቀረ። ሲፈታ ፒስተኖቹ ተፋፍቀዋል። ጥፋቱ ምን ነበር? የራዲያተር ክዳን። ላስቲኩ አርጅቶ ግፊት አይዝም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ እንዳይፈላ የሚያደርገው ያ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካልያዘ ውሃው ቀስ በቀስ ፈልቶ ያልቃል። አንድ ክዳን ነበር። ጉርሻውን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ስለዚህ ፎርማኑን «አይሆንም» አልኩት። ከመኪናዬ ማኖሜትር፣ የግፊት መለኪያ፣ አወጣሁና ከስዊቹ ጋር በቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ አሰርኩት። አስነሳነው፣ ፊቱ ቁጭ ብዬ አፈጠጥኩ። ወደ 4 ባር። አሥር ደቂቃ፣ 4 ባር። ሃያ ደቂቃ፣ 4 ባር። ከዚያ ሞተሩ ሳለ። ቀስቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሳለ፣ ዙሩ ወረደ፣ ተንገዳገደ። ሊቆም ሲል ነው ቀስቱ የወደቀው፣ መብራቱም ያኔ ነው የበራው።

አያችሁ? የዘይት ፖምፓውን የሚያዞረው ራሱ ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲሞት ዘይቱም ይሞታል። መብራቱ አልዋሸም፣ ግፊት የለም አለ፣ እውነትም የለም። ግን ለቅሶ ቤት መጨረሻ የደረሰው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ሟቹን የገደለው እሱ ነው ብዬ ያዝኩት።

ልጁ ምንም አላለም። ዞር ብሎ ጋቢውን አስተካከለ። «ነግሬህ ነበር» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ናፍጣ ነው ማለት ነው። የናፍጣውን መምጫ ከታንኩ ነቅዬ ጄሪካን ውስጥ ከተትኩት፣ መመለሻውንም እንደዚያው። አየሩን በእጅ ፖምፓው አስወጣን። ሁለት ሰዓት ሠራ፣ ጄሪካኑን እየሞላን። አንዴም አልሳለም። ፖምፓው ደህና ነው፣ ፊልትሮው ደህና ነው፣ ሶሌኖይዱ ደህና ነው። ችግሩ ከታንኩ ነው። ታንኩ ውስጥ ቆሻሻ አለ ብዬ አወርደዋለሁ አልኩ። ታንክ ማውረድ ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እስኪ አንድ ጊዜ ብዬ ቱቦውን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ታንኩን አፉ ድረስ ሞላንና አስነሳነው። ከታንክ ወደ ፊልትሮ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ ቱቦው እጄ ውስጥ መቅጠን ጀመረ። ከዚያ ጠፍጣፋ ሆነ፣ እንደ ቀበቶ። ሞተሩ ሳለ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ። ልጁ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ናፍጣ አለ የለም ብሎ ለማየት ሄዶ ክዳኑን ከፈተ። ፊሽሽ አለ። እጄ ውስጥ ያለው ቱቦ ተነፋ።

«ቆይ፣ ያንን ክዳን አምጣው» አልኩት።

የፋብሪካው ክዳን ጠፍቶ የሌላ ነገር ክዳን ነበር የተገጠመለት። ቀዳዳ የለውም። ከሥሩ ደግሞ የካባው አቧራ እንዳይገባ ፌስታል እጥፍ አድርገው፣ በክር ጥፍንግ አድርገው አስረውበታል። ያሰረው በጥንቃቄ ነው፣ አይፈረድበትም። ግን ታንክ መተንፈስ አለበት። ናፍጣ በወጣ ቁጥር በቦታው አየር ካልገባ ውስጡ ይመጠጣል። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ናፍጣውን ወደ ፖምፓው የሚገፋው ጉልበት ከመነሻውም ትንሽ ነው።

ጠዋት ለምን ባሰበት? ጠዋት ታንኩ አፉ ድረስ ይሞላል። ላዩ ላይ የምትቀረው አየር ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትሳሳለች። ከሰዓት ታንኩ ሲጎድል አየሩ ብዙ ነው፣ ቆይቶ ነው የሚያንቀው። ብርዱ ምንም አላደረገም። ጠፍቶ ለምን መልሶ ይነሳል? ክዳኑን እየከፈቱ ስለሚያዩ ነዋ! በጠፋ ቁጥር ሳያውቁት ያድኑታል።

ፌስታሉን ፈታሁ፣ ክዳኑን በቀጭን ሚስማር በሳሁት፣ አቧራው እንዳያስቸግር ላዩ ላይ ስፖንጅ አሰርኩበት። ትክክለኛው ክዳን እስኪመጣ። እስከ ማታ ሠራ።

ሂሳብ ላይ ፎርማኑ ሳቀ። «ፌስታል ፈትተህ ይሄን ሁሉ ብር?» አለኝ። የስዊቹን ዋጋ ቀነስኩለት፣ ያለ ጥፋቱ ነው የቀየርኩት። የዘይቱን አልቀነስኩም፣ ዘይቱ ለነገሩ ጠቁሮ ነበር።

ልጁ አሁን ሌላ ሳይት ጄኔሬተር ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ደወለ። «ጋሼ፣ መብራት በርቶ ይጠፋል፣ የሙቀቱ ነው» ብሎ የስክሪኑን ጽሑፍ ሊያነብልኝ ጀመረ።

«ጽሑፉን ተወው» አልኩት። «አስነሳውና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋልኝ።»