በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለው ሴሊኒየም
(በትምህርት ቤት የሳይንስ ቀን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ጠረጴዛው ላይ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ የምታዩት ከአንድ ያረጀ ፎቶ ኮፒ ማሽን የወጣ፣ ድራም የሚባል ሲሊንደር ነው። ላዩ የተለበጠው ሴሊኒየም በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ የአቶም ቁጥሩ 34፣ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ቦታው ከድኝ ሥር።

እ.ኤ.አ. በ1817 ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርዜሊየስ ከባልደረባው ከጋን ጋር ሆኖ፣ ከሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ የተረፈ ቀላ ያለ አተላ ሲመረምር አገኘው። መጀመሪያ ቴሉሪየም የተባለው ሌላ ንጥረ ነገር መስሎት ነበር። ቴሉሪየም ስሙ ከምድር የመጣ ነውና፣ ስህተቱን ሲያርም አዲሱን በግሪክኛ በጨረቃ ሰየመው።

እኔን የሚገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1873 ይፋ የሆነው ነገር ነው። እንግሊዛዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ዊሎቢ ስሚዝ በባሕር ውስጥ የሚዘረጋ ገመድ ለመፈተሽ የሴሊኒየም ዘንግ ይጠቀማል። ልኬቱ ግን አልረጋ አለው። (እኔ ብሆን መለኪያውን ወርውሬው ነበር።) ዘንጉ ያለበት ሳጥን ክዳን ሲከፈት ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ፣ ይወርዳል፣ ሲዘጋ ይወጣል። ለካ ብርሃን ኖሯል!

ይህ ድራም የሚሠራውም በዚያው ጠባይ ነው። በጨለማ ቻርጅ ይደረጋል። ከወረቀቱ ነጭ ቦታ የተንጸባረቀ ብርሃን ያረፈበት ሴሊኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፍና ቻርጁ ያመልጣል። ጥቁሩ ፊደል ብርሃን ስለማይመልስ በእሱ አንጻር ያለው ቻርጅ ባለበት ይቀራል፤ የቶነሩ ዱቄት የሚጣበቀውም እዚያው ላይ ነው። አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ይህን ዘዴ ሲሞክረው የተጠቀመው በድኝ ነበር፤ ሴሊኒየም የተሻለ ሆኖ የተገኘው በኋላ ነው። የዛሬ ማሽኖች በአብዛኛው ትተውታል።

ሰውነታችን ግን አልተወውም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 55 ማይክሮግራም ያህል ነው፤ አንድ ግራም ለ49 ዓመት ይበቃል ማለት ነው። እንቅርት ሲነሳ አዮዲን ብቻ ትዝ ይለናል። የታይሮይድን ሆርሞን ወደሚሠራበት መልክ የሚቀይሩት ኢንዛይሞች ግን ያለ ሴሊኒየም አይሆንላቸውም። ሁለቱም የጎደሉበት ሰው፣ ያው፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ከየት እናገኘዋለን? ከአፈር፣ በእህል በኩል። ጤፍ ሁሉ ጤፍ ነው እንላለን እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በአገራችን እህል ላይ የተደረገ ጥናት የሴሊኒየሙ መጠን ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። አሲዳማ አፈር ውስጥ ሴሊኒየም ከብረት ኦክሳይድ ጋር ይጣበቅና ሥሩ አያገኘውም። ፊንላንዶች ይህን ችግራቸውን አይተው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ማዳበሪያቸው ላይ ይጨምሩታል።

ወላጆች፣ ይህን ሰምታችሁ ክኒን ልትገዙ እንዳትሮጡ አደራ! በቀን ከ400 ማይክሮግራም በላይ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ፀጉሩ ይረግፋል፣ ጥፍሩ ይሰባበራል፣ ትንፋሹም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።

አሁን ጨርቁን እገልጠዋለሁ። የጠቀለልኩት፣ ድራም ብርሃን ላይ አይተውም ስለሚባል ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰ መሆኑን እያወቅሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ። በሰልፍ እያያችሁ እለፉ፤ እንዳትነኩት፣ በተለይ እንዳትፍቁት፤ ብናኙ መርዝ ነው። አመሰግናለሁ።