የኮርፍ ግንብ ድንጋዮችና የመንደሩ ቤቶች፦ ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና ተጋባዥ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ዘንድሮ የተሰበሰብነው በደቡብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት፣ ኮርፍ ካስል በምትባለው ትንሽ መንደር ነው። ከመንደሯ በላይ ባለው ጉብታ ላይ የሚታየው ፍርስራሽ ግንብ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ አደራ ልላችሁ የምፈልገው ከግንቡ ሥር ስላሉት ቤቶች ነው።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን የተሠራውና 21 ሜትር ቁመት የነበረው ዋናው ማማ እርጅና የጣለው አይደለም። በእንግሊዝ ንጉሥና በፓርላማው መካከል በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ባለቤታቸው ከንጉሡ ጋር ሳሉ ግንቡን የጠበቁት ሌዲ ሜሪ ባንክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1643 የፓርላማውን ጦር ለስድስት ሳምንታት መክተው መልሰውት ነበር። በ1646 መጀመሪያ ግን ከገዛ መኮንኖቻቸው አንዱ ከድቶ፣ የጠላትን ወታደሮች ረዳት ጦር አስመስሎ ስላስገባ ግንቡ ተያዘ። ዳግመኛ ምሽግ እንዳይሆን ፓርላማው እንዲፈርስ ወሰነ፤ መሠረቱም ተቆፍሮ በባሩድ ተናደ። በደቡብ ምዕራቡ በር ስታልፉ አንደኛው ማማ ከሌላው ተገንጥሎ፣ ቁልቁል ተንሸራትቶ፣ ነገር ግን ሳይወድቅ ቆሞ የምታዩት የዚያን ጊዜ በደረሰበት ጉዳት ነው።

የወደቀውን ድንጋይ መንደርተኛው እየወሰደ ቤት ሠራበት። ይህን እንደ ዘረፋ የሚቆጥሩ ይኖራሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ለንጉሥ የተጠረበ ድንጋይ ተበትኖ እንዳይቀር ያደረጉት፣ በየትውልዱ ግድግዳቸውን እየጠገኑ የኖሩት እነዚሁ ነዋሪዎች ናቸው። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1982 በራልፍ ባንክስ ኑዛዜ ታሪካዊ ቅርሶችን ለሚጠብቀው ለናሽናል ትረስት ከተላለፈ በኋላ ባለሙያ አላጣም፤ በ2006 ዋናው ማማ ለጎብኚዎች አደገኛ ሆኖ ቢዘጋም ተጠግኖ በ2008 ተከፍቷል። ሰው የሚኖርበት ቤት ግን ጥገናው ጊዜ አይሰጥም። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ማያያዣ ሲረግፍ ቶሎ የሚገኘው ሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውርጭ ሲመጣ የሚፈረፈረው ድንጋዩ ራሱ ይሆናል። የኖራና የአሸዋ ድብልቅ እርጥበቱን ያስወጣል፤ ጉዳት ቢመጣም ቀድሞ የሚረግፈው እርሱ ነው፣ እርሱን ደግሞ መተካት ይቻላል።

ስለዚህ በባለቤቶቹ ፈቃድ በየግድግዳው የሚገኙትን የግንቡን ጥርብ ድንጋዮች እንድንመዘግብ፣ በኖራ መጠገን ለሚፈልጉም የባለሙያ ክፍያውን በከፊል እንድንሸፍን የሥራ አመራር ኮሚቴው ያቀረበውን ሐሳብ በጥሞና እንድትወያዩበት በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ።