ፓርኪንጉን ማን ሸጠው?

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ልጆች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሽንኩርት ሲከትፉ ላደሩት እናቶች፣ ይሄን ማይክ ላስተካከለልን ልጅ እግዚአብሔር ይስጥልን። ያጣናቸውን ወገኖች ቅድም በጸሎት አስበናል። ሰላምታው ይብቃን። ወጡ ሳይቀዘቅዝ የምለው አለኝ።

የሠራነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የሦስት ወገኖቻችንን አስከሬን ወደ አገር ቤት ልከናል። ሁለቱን እዚሁ ቀብረናል። የልጆቹ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት አልተቋረጠም። የዓመቱን ሂሳብ ገንዘብ ያዣችን ታቀርባለች። ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈሉትንም እሷው ታነባለች፤ ስም እንድትጠራ ፈቅጄላታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ካለፈው ወር ወዲህ «ሊቀ መንበሩ ፓርኪንጋችንን ለብስክሌት ሸጠው» ይባላል። በቫይበር ግሩፓችን ላይ ተጽፎ አንብቤዋለሁ። አንዱ እንዲያውም ስንት እንደተከፈለኝ ጠይቋል። ወገኖቼ፣ እኔ ዋሽንግተን ውስጥ 17 ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። በክረምት እጄ በብርድ ደንዝዞ የሰው ቁልፍ ስቀበል ኖሬአለሁ። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለኔ አይነገረኝም።

ከእድሩ ሌላ የሰፈር ኮሚሽነርም ነኝ፤ የሰፈር ኮሚሽነር ደግሞ ደመወዝ የለውም። ይሄን ገና ያልሰማችሁ ስላላችሁ ነው የምደግመው። በዚህ ከተማ ከንቲባዋና 13 አባላት ያሉት ምክር ቤት አሉ። ከነሱ በታች ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖች አሉ። አንድ ኮሚሽነር ሁለት ሺህ የሚሆን ሰው ይወክላል፤ የሚመረጠውም ለሁለት ዓመት ነው። እኔ በ2024 ኖቬምበር ስወዳደር ስሜ ወረቀቱ ላይ እንዲገባ የሚያስፈልገኝ 25 ፊርማ ብቻ ነበር። እሱን ፊርማ ለማግኘት ስንት የእድር አባል በር እንዳንኳኳሁ እናንተም ታውቃላችሁ። «ቡና ጠጣ» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። የፈረማችሁት ግን አራት ናችሁ። ሃያ አንዱን ፊርማ ያገኘሁት ከማላውቃቸው ጎረቤቶች ነው።

ኦክቶበርን እንዴት እንዳሳለፍኩ ልንገራችሁ፤ ሥራው ምን እንደሚመስል እንድታዩት።

በመጀመሪያው ሳምንት የአንዲት እናት ጉዳይ ነበር። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ጠባብ መንገድ፣ አሊ የምንለው፣ መብራቱ ከጠፋ ወር አልፎታል። እሳቸው ማታ ከሥራ ሲመለሱ የስልካቸውን መብራት አብርተው ነው የሚያልፉት። ለከተማው የአገልግሎት ስልክ፣ ለ311፣ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በአራተኛው አምፖሉ ተቀየረ። እማማ እስካሁን ባየሁ ቁጥር ይመርቁኛል። ከዓመቱ ሁሉ ደስ ያለኝ ነገር እሱ ነው፣ አንድ አምፖል። በሁለተኛው ሳምንት የአይጥ ጉዳይ፣ ከዚያ የአንድ ሬስቶራንት የመጠጥ ፈቃድ እድሳት። ባለቤቱ የኛ ሰው ነው፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ በሙዚቃው መተኛት አልቻልንም አሉ። ሁለቱንም ወገን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በሩ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዲዘጋ ተስማሙ። ይሄ ሁሉ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ «ከኮሚሽኑ ጋር ነው እንዴ የተጋባኸው?» ብላኛለች።

በሦስተኛው ሳምንት ያ ስብሰባ መጣ።

ሱቆቻችን ባሉበት መንገድ በአንድ በኩል ያለው መኪና ማቆሚያ ተነሥቶ የብስክሌት መስመር ይሁን የሚል ሐሳብ ነው። የከተማው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከማድረጉ በፊት ለኮሚሽኑ ማሳወቅ በሕግ ይገደዳል። 30 የሥራ ቀን ይሰጣል። ኮሚሽኑ በድምፅ የወሰነውን ደግሞ «ትልቅ ክብደት» መስጠት አለበት። እንደተባለው ካላደረገ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ መመለስ ግዴታው ነው። ክልከላ አይደለም፤ ግን ቀላልም አይደለም። ደብዳቤው እጄ የገባ ቀን ፎቶ አንሥቼ ቫይበር ላይ ለጠፍኩት። በአማርኛ አብራራሁት። ስንት ሰው አየው? ሁላችሁም። ምን መለሳችሁ? አንድ አውራ ጣት፣ ሁለት የጸሎት እጅ፣ ከሥሩ ደግሞ የሽሮ ማስታወቂያ።

በዚህ ከተማ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ። አማርኛ ከነ ስፓኒሽና ቻይንኛ ጋር አብሮ የሚሠራበት ቋንቋ ነው። ያ ሕግ እዚህ አገር ላለ ለኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አቅልለን እናየዋለን እንጂ። እኔም «እናቶቻችን በገዛ ቋንቋቸው ይናገሩ» ብዬ አስተርጓሚ ጠየቅኩ፤ ተፈቀደ። ስብሰባው በዙም ነበር። አስተርጓሚው ልጅ በሰዓቱ ገባ። ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተለየ መስመር ተከፈተለት። እኔም ልሰማ ብዬ ገባሁ። እሱና እኔ ብቻ ነን። የብስክሌት ሰዎቹ 31 ሆነው መጥተዋል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ደቂቃ ተናገሩ። አንዷ ልጇን ከኋላዋ አዝላ በዚያ መንገድ ስትሄድ መኪና ለጥቂት እንዳለፋት ተናገረች። እውነቷን ነው፤ እዚያ መንገድ ላይ የሚነዳውን የኛን ሰው አውቀዋለሁ። ልጁ ይሄን ሁሉ በጥሩ አማርኛ፣ ቃል በቃል፣ ለኔ ለአንዱ ተረጎመልኝ። ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ሌላ የሚገባ ሰው አለ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ማይኬን ዘጋሁ።

ድምፅ ተሰጠ። አምስት ለሁለት፣ የብስክሌት መስመሩ አለፈ። ከተቃወሙት ከሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ። መዝገቡ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል።

በማግስቱ ስልኬ ይጮህ ጀመር። አርባ ሦስት ሰው ደወለ፤ ቆጥሬአለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? እሱ ነው። «ደንበኛዬ የት ይቁም? እንጀራ የምታወርደው ቫን የት ትቁም?» እነዚህ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። አርባ ሦስቱ ቀርተው አምስቱ ያን ማታ ቢጠየቁ ኖሮ ቢያንስ የጭነት ማውረጃ ቦታ ይተውልን ነበር። አንዷ ኮሚሽነር ከድምፁ በፊት «ነጋዴዎቹ የሚቃወሙ ከሆነ ለምን አልመጡም?» ብላ በግልጽ ጠይቃለች። እኔ ምን ልበል? «ሥራ ላይ ናቸው» አልኩ። እሷም ሥራ ላይ ነበረች፤ ከአውቶቡስ ውስጥ ነው የገባችው።

አሁን እዚህ ለሌሉት ነው የምናገረው። መቼም ቪዲዮው ይደርሳችኋል። ሱቁ ዋሽንግተን፣ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሆነ አባል አለን። አልፈርድበትም፤ ኪራዩ አስወጥቶት ነው። ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ላይ በየበሩ የኛን ምግብ ቤት የምንቆጥርበትን ጊዜ እናስታውሳለን። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው እዚህ መምረጥ አይችልም፤ ይገባኛል። በኮሚሽኑ ስብሰባ መናገር ግን ማንም አይከለክለውም። ሱቄ ነው፣ እንዲህ ይጎዳኛል ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ።

እዚሁ ከተማ ለምትኖሩት ደግሞ ሌላ አለኝ። በ2024 ዜግነት ያልወሰደ ነዋሪም በከተማው ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ መስጠት ችሎ ነበር። ለፕሬዚዳንት አይደለም፤ ለምክር ቤት፣ ለሰፈር ኮሚሽነር። ብዙዎቻችሁ ለዜግነት ስታመለክቱ ችግር እንዳያመጣ ፈርታችሁ ተዋችሁት። እሱን አልወቅስም፤ ጠበቃ ሳያማክሩ መድፈር አያስፈልግም። የምወቅሰው ፓስፖርቱን ከያዘ 20 ዓመት ሆኖት አንድም ቀን ያልመረጠውን ነው። እሱ አገር ቤት ስላለው ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ ዩቲዩብ ላይ ያድራል። የራሱ ሰፈር ኮሚሽነር ማን እንደሆነ ብትጠይቁት አያውቅም። እኔ ነኝ! አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁርጥ እየበላሁ እንኳን አያውቅም።

ተቆጣሁ መሰለኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ዘንድሮ መጥታችሁ እዚህ የተቀመጣችሁት ደግሞ የምትሰደቡት አይደላችሁም፤ ሁልጊዜ የሚመጣ ሰው ነው የሌላውን ስድብ የሚሰማው።

ነገሩ ገና አላለቀም። መሥሪያ ቤቱ የመጨረሻውን ንድፍ አላወጣም። የጭነት ማውረጃ ቦታ እንዲተውልን የምንጠይቅበት ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ፈርሙ። የሚቀጥለው ስብሰባ በወሩ ሁለተኛ ረቡዕ ማታ ነው። አስተርጓሚ በድጋሚ ጠይቄአለሁ። ያው ልጅ ከተመደበ ግን እኔ አላናግረውም፤ እናንተ አናግሩት።

በ2026 ወንበሩ እንደገና ለምርጫ ይቀርባል። እኔ አልወዳደርም፤ ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ። ከወጣቶቹ መካከል የሚደፍር ካለ ቤት ለቤት አብሬው እዞራለሁ። በቡና አልታለልም።

ገንዘብ ያዥ፣ ተዘጋጂ። ከዚያ በፊት አንዴ፣ አንዴ፦ ነጭ ካምሪ ከፊት ለፊት ያቆማችሁ ማናችሁ? ልጁ እየነገረኝ ነው፤ ቲኬት እየጻፉ ነው። ሩጡ።