ከሚካኤል እስከ መድኃኔዓለም

ጤና ይስጥልኝ። ከሩቅ የመጣችሁ ባልደረቦቻችን፣ እንኳን ወደ ደብረ ብርሃን በደህና መጣችሁ። ብርዱ ከከበዳችሁ ጋቢ አለ፣ አትፈሩ ንገሩን።

ፕሮግራሙ ላይ "የመጠይቅ ቅድመ ሙከራ" ተብሎ ተይዞልኛል፤ መጠይቁን ከዋናው ጥናት በፊት በጥቂት ሰዎች ላይ መሞከር ማለት ነው። ስለ አሠራሩ ብዙ ማለት ይቻላል፣ እኔ ግን አንድ የከነከነኝን ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።

እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ጣርማበር ላይ ጭጋግ ይዞን መኪና ውስጥ ቆሎ ተካፍለን የበላን ሰዎች ነን። ከዓመታት በፊት በአንድ የአእምሮ ጤና ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። የማን እንደነበር ይቅር። መጠይቁ ውጭ አገር ተጻፈ፣ ወደ አማርኛ ተተረጎመ፣ ሌላ ሰው ደግሞ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ሲተያዩ አንድ ሆኑ። ሁላችንም ደስ አለን።

ከዚያ መሐል ሜዳ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። "ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሐዘን ተሰምቶዎት ያውቃል?" ብዬ አነበብኩላቸው። እንዝርታቸውን አስቀመጡና "አይ ልጄ፣ አምና ነው እንጂ ዘንድሮስ እግዜር ይመስገን፣ ሐዘን አልደረሰብንም" አሉኝ። "የለም" የሚለውን ከበብኩ። ቡና ካላፈላሁልህ አትወጣም አሉ። ቡናው ላይ ወሬ ስንጀምር ልጃቸው አረብ አገር ከሄደች ወዲህ እህል አልወርድ እንዳላቸው፣ ዓይናቸው ሳይከደን እንደሚነጋ፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው እንኳ መውጣት እንደሚያስጠላቸው አጫወቱኝ። "ሆዴን ባሰኝ" አሉ። ለሳቸው ሐዘን ማለት ለቅሶ ነው፣ ሰው ሲሞት ነው። እኛ የፈለግነውን ነገር በራሳቸው ቃል ነገሩኝ፣ ወረቀቴ ላይ ግን "የለም" ተከቧል። መመሪያው ደግሞ ከተጻፈው አንድ ቃል አትለውጡ ይላል። እንደዚያው አስረከብኩ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

"ሁለት ሳምንት" ያልነውም አልሠራም። ከሚካኤል እስከ መድኃኔዓለም ብላቸው ወዲያው ይገባቸው ነበር። ከ12 እስከ 27፣ 15 ቀን።

ትርጉሙ ልክ ነበር እኮ። ተርጓሚውም መልሶ የተረጎመውም የተማሩ ናቸው፣ እርስ በርስ ተግባቡ። ችግሩ የሚታየው መልስ ሰጪውን ስንጠይቅ ብቻ ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ የሰርቬይ ባለሙያዎችና የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተቀምጠው መክረውበታል። ሰው ሲመልስ ጥያቄውን ይረዳል፣ ያስታውሳል፣ ይመዝናል፣ መልስ ይመርጣል። አራቱም ላይ ሊሰናከል ይችላል። የት እንደተሰናከለ ለማወቅ "ይህን ስልዎት ምን መሰለዎት? በራስዎ አባባል ቢነግሩኝ" ማለት ያስፈልጋል። ይኸው ነው።

እኛስ ፕሪቴስትን፣ ቅድመ ሙከራውን ማለቴ ነው፣ ምን አደረግነው? ግማሽ ቀን! ያውም ከተማ ውስጥ፣ ቢሮው አጠገብ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰዓት ይዘን! ስህተት አገኘን ብለን ስንጽፍ ጥናቱን የሚመሩት "መጠይቁ ታብሌት ላይ ተጭኗል፣ አሁን አይቀየርም" ይሉናል። ለታብሌቱ ያዘናችሁትን ያህል ለኚያ እናት እዘኑላቸው! በጀት የለም አትበሉን። ለሆቴል አዳራሽ በጀት አለ። ቃሉን የሚያውቀው ቤት ለቤት የሚዞረው ልጅ ነው፣ እሱ የሚያመጣው ማስተካከያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጠይቁ ውስጥ ይግባ።

"ቤተሰብ" የሚለውም ቃል አለ። ስንት ናችሁ ስንል አዲስ አበባ ያለው ልጅ ሁሉ ይቆጠራል። አብሯችሁ የሚኖር፣ ከአንድ መሶብ የሚበላ ብላችሁ ጠይቁ። ሴቶችን ሴት ትጠይቅ። የዘመን አቆጣጠሩንም ነገር ታውቁታላችሁ።

ነገ ለቅድመ ሙከራው፣ ለጥናቱ ናሙና ወዳልተመረጠ ቀበሌ እንወጣለን። ታብሌቱ ቢሮ ይቅር፣ ደብተርና እርሳስ ያዙ። መኪናው የሚነሳው 1 ሰዓት ላይ ነው። ለእንግዶቻችን፣ በእናንተ አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 ሰዓት ማለቴ ነው።