አለ፣ ግን የለም

እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የሚጮኸው የጎረቤት ጄኔሬተር ነው፣ ይቅርታ። መብራት ከሄደ አንድ ሰዓት አልፎታል፤ በላፕቶፑ ባትሪ ነው የምቀዳው፣ 62 በመቶ ይላል። ስለዚህ ብዙ አልንዛዛም። እሞክራለሁ ማለቴ ነው።

ላወራ ያሰብኩት ስለ ክላውድ፣ በአማርኛ ደመና ስለምንለው ነው። ኮምፒውተራችን ላይ አንድ ፎልደር አለ፣ እዚያ ውስጥ የከተትነውን ሁሉ በራሱ ጊዜ ወደ ኢንተርኔት ያወጣዋል፣ ከዚያ ሌላኛው ኮምፒውተራችን ላይ ያወርደዋል። ሲንክ የምንለው ነገር። ጉግል ድራይቭ አለ፣ ዋንድራይቭ አለ፣ ድሮፕቦክስ አለ፣ አይክላውድ አለ። እኔ የምጠቀመው የትኛውን እንደሆነ አልናገርም። አንዱን ትቼ ወደ ሌላው ስሄድ ያው ችግር ቀድሞኝ ደርሶ ሲጠብቀኝ ስላገኘሁት ነው።

ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። አዘውትራችሁ የምትሰሙኝ ታውቃላችሁ፣ እንጀራዬ ትርጉም ነው። አንድ የሥልጠና መመሪያ ተርጉሜ ነበርና ራስህ መጥተህ አቅርበው ተባልኩ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈርኩ። 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ብርዱን ግን የቀመሰ ያውቀዋል። አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው ካፖርቱንና ጋቢውን እንደደረበ ቁጭ ብሏል። ፕሮጀክተሩ በርቷል። ላፕቶፔን ሰካሁ፣ ፎልደሩን ከፈትኩ። ፋይሉ አለ። ስሙ አለ፣ 18 ሜጋባይት ይላል፣ መጨረሻ የነካሁበት ቀን ሳይቀር አለ። ጠቅ ጠቅ አደረግኩት። ክቧ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ ኢንተርኔት የለህም አለችኝ።

ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ የደመና ምልክት ያየኋት ያኔ ነው።

የስልኬን ዳታ ከፈትኩ። ሆትስፖት አበራሁ። ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ኔትወርኩ አንድ መስመር መጣና ጠፋ። አርባ ሰው ያየኛል። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አዘኑልኝ መሰለኝ፦

“ልጄ፣ ረስተኸው መጣህ?”

“የለም ጋሼ፣ እዚሁ ነው ያለው።”

“አለ ካልክ ክፈተዋ!”

ምን ብዬ ላስረዳቸው? አለ፣ ግን የለም ልበል? የሻይ ዕረፍቱ በኔ ምክንያት ቀድሞ ተደረገ። እኔ ከአስፋልቱ ማዶ አንድ ካፌ ዋይፋይ ላይ ተለጥፌ ያቺን 18 ሜጋባይት 25 ደቂቃ ሳወርድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ሲንክ ሲባል ሙሉው ፋይል እዚህም እዚያም ይቀመጥ ነበር። ከዚያ ፈጣን ግን ጠባብ ዲስክ ያላቸው ላፕቶፖች በዙና አንድ ዘዴ ተፈለገ። በፈረንጆቹ 2016 አፕል ማክ ላይ፣ በ2017 ደግሞ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ላይ ፋይሉን ደመና ላይ ትቶ ስሙን ብቻ ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚያሳይ አሠራር አመጡ። ስትከፍቱት ያኔ ይወርዳል። ዊንዶውስ ላይ ምልክቶቹን ልብ በሉ፤ ደመናዋ ማለት እዚህ ያለው ስሙ ብቻ ነው ማለት ነው። ውስጡ ነጭ የሆነ አረንጓዴ ክብ ማለት ለጊዜው እዚህ አለ፣ ቦታ ከጠበበ ግን ሊወጣ ይችላል። ሙሉ አረንጓዴው ደግሞ ሁልጊዜ እዚህ ይቆያል። ቀኙን ተጭናችሁ “ሁልጊዜ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ” የምትለዋን ካልመረጣችሁ ሙሉ አረንጓዴ አይሆንም። ለብዙ ቀን ያልከፈታችሁትን እየለቀመ ወደ ደመና የሚመልስ አሠራርም አለ። የኔን መመሪያ የወሰደብኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዘዴው ሞኝነት ነው አልልም። ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውሃ... እሱም ምሳሌ አይሆንም፣ እኛ ሰፈር ውሃውም በፈረቃ ነው። ብቻ ኢንተርኔት የማይቋረጥበት አገር ለሚኖር ሰው ጥሩ ነው። ችግሩ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ ነው የተነሳው። እኛ ደግሞ ኢንተርኔት ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ነን። ያኔ ደመናዋ ያለባቸው ፋይሎች ሁሉ ምን እንደነበሩ አስቡት። የስም ዝርዝር ናቸው።

የድሮፕቦክስ አጀማመር ታሪክ ደግሞ ያስቀኛል። ድሩ ሂውስተን የሚባለው መሥራቹ ከቦስተን ወደ ኒው ዮርክ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ መንገድ ላይ ልሥራ ሲል ፍላሹን ቤት እንደረሳው አወቀ። እዚያው ተናዶ ኮድ መጻፍ ጀመረ ይባላል፤ ኩባንያው በ2007 ተመሠረተ። እሱ ፍላሹን ረስቶ አውቶቡስ ውስጥ ተናደደ። እኔ ደግሞ በነሱ ተማምኜ ፍላሽ መያዝ ትቼ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ባዶ እጄን ደብረ ብርሃን ገባሁ።

እሺ። 54 በመቶ።

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፣ ጥፋቱም የኔ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ፎቶዎቹንና ደብዳቤዎቹን በሙሉ ስካን አደረግኩ። አስተማሪ ስለነበር ወረቀት አይጥልም፤ የተማሪ ስም ዝርዝር ሁሉ አለ። ባጠቃላይ 14 ጊጋባይት ሆነ። ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። በወር በወር በዶላር የሚከፈለውን የምትከፍለው እሷ ናት፣ የኔ ካርድ ውጭ አገር ስለማይሠራ፤ ብዙዎቻችሁም እንዲሁ እንደምታደርጉ አውቃለሁ። አንድ አካውንት ለሁለት። የሌሊት ፓኬጅ ስለሚረክስ ሌሊት ሌሊት ነበር የምልከው፣ 11 ሌሊት ፈጀ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ስንት ፋይል እንደቀረው ነበር፤ 412፣ 388፣ ከዚያ መብራት ይጠፋና እንደገና 388።

አንድ ቀን ላፕቶፔ ሞላሁ አለኝ። እኔም፣ ብልጥ ነኛ፣ ደመና ላይ ስላለ ከዚህ ላጥፋው ብዬ ፎልደሩን አጠፋሁት። ተኛሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስልክ ጮኸ። እሷ ጋ የሥራ መውጫ ሰዓት ነው።

“አንተ! የአባዬ ፎቶዎች የት ገቡ?”

ሲንክ እኮ መጋዘን አይደለም። መስታወት ነው። እዚህ እጄን ሳነሳ እዚያም ይነሳል። እዚህ ስሰርዝ ሜሪላንድ ይሰረዛል። በጣም ያበሸቀኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ 11 ሌሊት የፈጀው ነገር ለመጥፋት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ማጥፋት ዳታ አይፈልግማ! “አጥፋው” የምትል ትእዛዝ ብቻ ናት የምትሄደው፣ እሷ በየትኛውም ኔትወርክ ታልፋለች።

ፎልደሩ ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተገኘ፣ ተመስገን። ብዙዎቹ አገልግሎቶች 30 ቀን ያቆዩታል፤ እህቴ በ31ኛው ቀን ብታይ ኖሮ ይህን በሳቅ አላወራውም ነበር። ከመጣያው ስታወጣው ደግሞ የኔ ላፕቶፕ “አዲስ ፋይል መጣ” ብሎ 14 ጊጋውን በሙሉ መልሶ ማውረድ ጀመረ። ሳላውቅ የወሩ ፓኬጄ አለቀ።

እንደኔ በራሳቸው ጥፋት ሳይሆን፣ እንዲሁ የጠፋባቸውም አሉ። በፈረንጆቹ ኅዳር 2023 ጉግል የድራይቭ ዴስክቶፕ ፕሮግራሙ 84ኛ ስሪት ላይ ችግር እንዳለና ጥቂት ተጠቃሚዎች ፋይላቸውን እንዳጡ አምኖ፣ በሚቀጥለው ወር የጠፋውን ፈልጎ የሚያመጣ መሣሪያ ለቀቀ። ዋናው ኩባንያ ይህ ከደረሰበት እኔ በምን አንጀቴ እተማመናለሁ? አሁን አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገዝቼ፣ ሁሉንም ገልብጬ እናቴ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። እሱ ሲንክ አያደርግም። ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የአማርኛ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። እኔ “የአባዬ ጽሑፎች” ብዬ ፎልደር ከፈትኩ። እህቴ የለም ብላ “የአባዬ ፅሁፎች” ብላ ሌላ ከፈተች። እኛ ስናነበው አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ጸሎቱ ጽ እና ፀሐዩ ፅ ጭራሽ አይተዋወቁም፤ ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑም እንደዚያው። ቆጠርኩት፣ ያቺን አንዲት ቃል በስድስት ዓይነት መጻፍ ይቻላል። ፍለጋው ላይ በአንዱ ብትጽፉ አምስቱ አይመጡም። ግማሹ ደብዳቤ እሷ በከፈተችው፣ ግማሹ እኔ በከፈትኩት ውስጥ፣ ሁለታችንም ሙሉው ያለን መስሎን ወራት ኖርን። የትኛው ትክክል ነው በሚለው እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ትክክል ነኝ።

የፋይል ስም ማርዘም የምትወዱም፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በፊደል ስለሆነ እስከ 255 ድረስ ይፈቅዳል። ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ፋንታ አንዳንዶች የሚጠቀሙት ሥርዓት፣ የሚቆጥረው በባይት ነው፣ 255 ባይት ደግሞ 85 ፊደል ነው። ሊኑክስ የሚጠቀም ባልደረባ አለኝ፣ “የአዲሱ ረቂቅ የመጨረሻው እርማት የተደረገበት...” እያልኩ የምልክለት ፋይል ለምን እንደማይደርሰው ይህን ያወቅነው ከስንት ንትርክ በኋላ ነው። አሁን “ረቂቅ 7” እለዋለሁ። ያምራል? አያምርም። ይደርሳል።

41 በመቶ። አንዷን ልጨምርና ልሂድ።

በበጋ ላይ እህቴ ተቀየመችኝ። ስልክ ስደውል ቅዝቅዝ ትላለች። መጨረሻ ላይ አወጣችው፦ “ሦስት ወር ሙሉ እየጠየቅኩህ አንድ ቃል አልመለስክልኝም።” ምን ጠየቅሽኝ አልኳት። ለካ ማታ ማታ የአባዬን ፎቶዎች እያየች፣ የማታውቃቸው ሰዎች ሲያጋጥሟት የፎቶውን ስም “ይቺ ማናት?”፣ “ይሄስ ማነው?” እያለች ትቀይረው ነበር። እኔ ሳይ ስሙን አርሜ መልስ እጽፍበታለሁ ብላ ነው። የሷ ኮምፒውተር ማክ ነው፣ ማክ የጥያቄ ምልክት በፋይል ስም ላይ ይፈቅዳል። የኔ ዊንዶውስ ነው፣ አይፈቅድም። ስለዚህ ጥያቄ ያለባቸው ፎቶዎች በሙሉ እኔ ጋ አይገቡም። አንዳንዱ አገልግሎት ምልክቱን በሌላ ቀይሮ ያስገባዋል፣ የኛው ዝም ብሎ ውጭ አቆማቸው። ላፕቶፔ ታች ጥግ ላይ ደግሞ ያቺ አረንጓዴ ራይት አለች። ሁሉም ተስተካክሏል ትላለች።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ለምደነዋል። አልገባልኝም ካለኝ እሺ፣ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። ሳይገባ ገብቷል ሲለኝ ግን ምን አድርግ ነው? ሦስት ወር ሙሉ እህቴ ዝም ያልኳት መስሏት ነው የተቀመጠችው።

በብሮውዘር ገብቼ አገኘኋቸው፣ አሥራ አንድ ፎቶ ናቸው። በግዕዙ ምልክት፣ በሦስት ነጥቡ “፧” ብትጽፈው ኖሮ ዊንዶውስ እንደ ማንኛውም ፊደል ያሳልፈው ነበር፤ ይህንንም ያወቅኩት ሞክሬ ነው። እኔ ከአሥራ አንዱ ሦስቱን ነው የማውቃቸው። ላፕቶፑን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ፣ እህቴ በቫይበር መስመር ላይ ናት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ ስም ጠራች። ያ የጅማው ዳይሬክተር ነው፣ ይቺ የክርስትና ልጁ ናት፣ ይሄ ገንዘብ ተበድሮን የጠፋው ነው። አሥር ደረሰች። የመጨረሻው ላይ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መኪና የተደገፈ ጎረምሳ ነው፣ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች።

“እማዬ፣ ማነው?” አለች እህቴ።

“እሱን ተዉት” አለችና መነጽሯን አወለቀች።

ፋይሉ አሁንም “ይሄስ ማነው፧” ነው የሚባለው፣ በሦስት ነጥብ። ሁለታችንም ጋ ገብቷል።